ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሜዳ

በብሌክፎርድ ከተማ ዓመትን በቁጥሩ የሚጠሩት የባንክ ሠራተኞችና የመቃብር ድንጋይ ቀራጮች ብቻ ናቸው። የቀረው ሰው ልደቱን፣ ጋብቻውንና ሐዘኑን የሚያስታውሰው በጀልበኞቹ የውድድር ዘመን ነው። ጀልበኞቹ ከ1903 ጀምሮ በየበጋው በኦሃዮ ወንዝ ዳር የሚጫወቱ የቤዝቦል ቡድን ናቸው። ለጨዋታቸው ደመወዝ የሚቀበሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ ይህን ግን በአንዳንዱ ዘመን ሜዳ ላይ አይቶ መገመት አስቸጋሪ ነበር።

ኦርቪል ዲትዝ የተወለደው የእንጨቱ መቀመጫ በጨዋታ መሐል በተቃጠለበት ዘመን ነው። ቡድኑ በዚያ ቀን ክፉኛ እየተሸነፈ ስለነበር፣ እሳቱን ለማጥፋት የተጣደፈ አልነበረም ይባላል። ቨርናን ያገባት ጀልበኞቹ ሁለተኛ በወጡበት ዘመን ነው። ሙሽሪት ሁለተኛ መውጣት ለእሷም መልካም ምልክት እንዳልሆነ ተናግራ ሚዜዎቹን አስቃለች። የሜዳው ጠባቂ የሆነው ደግሞ በ1937 ነው፤ ይህን ዓመት ግን ብሌክፎርድ በቁጥሩ ይጠራዋል፣ ጎርፉ ከቡድኑ የበለጠ ስለጎዳት። ወንዙ ሜዳው ላይ ወጥቶ ሲመለስ ክንድ የሚያህል ደለል ትቶ ሄደ። ኦርቪል ያን ጊዜ የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ደለሉን እንዲጠርግ ለአንድ ወር ተቀጠረ፤ ከዚያ በኋላ ውጣ ያለውም፣ ልውጣ ያለም አልተገኘም።

ሥራው ሣር ማጨድና የኖራ መስመር ማስመር ብቻ ይመስላቸው ለነበሩ ሰዎች ኦርቪል እርማት አይሰጥም ነበር። የጨዋታው ደንብ ስለ ኳሷ ክብደትና ስለ ዱላው ርዝመት ብዙ ይደነግጋል፤ ስለ አፈሩ ግን ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ውስጥ በሊጉ ያሉ የሜዳ ጠባቂዎች ሁሉ ተደላድለው ይኖራሉ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ አሰልጣኙ ሆብ ማክኒል ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ወደ ዕቃ ቤቱ ይመጣና ዘንድሮ ምን ዓይነት ቡድን እንደደረሰው ይነግረዋል። ኦርቪልም ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ቡድኑን ለክቶ ሜዳውን ይሰፋለታል። ተከላካዮቹ ወፋፍራምና ቀርፋፋ በሆኑበት ዘመን ሣሩን አሳደገ፤ ኳሷ ሣሩ ውስጥ ስትንፏቀቅ እነሱም እየተንፏቀቁ ይደርሱባት ነበር። ወርዋሪው ኳሷን ዝቅ አድርጎ የሚወረውር በሆነበት ዘመን ተመትታ መሬት ለመሬት የምትሄደው ኳስ እንድትያዝ፣ ከመምቻው ቦታ ፊት ያለውን አፈር ጭቃ እስኪሆን ድረስ አጠጣው። በጦርነቱ ጊዜ ቡድኑ ሽማግሌዎችና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ብቻ ሲሆን የሩጫ መንገዱን አሸዋ ሞላበት፤ እንግዶቹም እንደ ሽማግሌ እንዲሮጡ። ለ1954ቱ ቡድን ግን የሚሆን ሜዳ ፈልጎ አጣ። መጨረሻ ወጡ።

ስለዚህ የጀልበኞቹን ታሪክ በየዘመኑ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጋዜጣ ማገላበጥ አያስፈልገውም ነበር። የኦርቪልን ሜዳ አንድ ጊዜ በዶማ ቢቆፍር፣ የእያንዳንዱን በጋ ተስፋና ውርደት ንብርብር ሆኖ ባገኘው ነበር።

ዳርል ኮዲል በ1957 ፀደይ ከኬንተኪ የድንጋይ ከሰል ሸለቆዎች መጣ። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ሲሮጥ ጫማው መሬት የሚነካ የማይመስል ልጅ። ያኔ ወጣት ተጫዋቾች የሚያድሩት በከተማው ሰው ቤት ነበርና፣ የዲትዞች ሴት ልጅ አግብታ ከወጣች በኋላ ባዶ የቀረችው የሰገነት ክፍል ለኮዲል ደረሰችው። ቨርና የመጀመሪያውን ራት አሳማና ድንች አቀረበችለት። ልጁ አመስግኖ በላና፣ በማግስቱ ኩሽና ገብቶ ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ በእናቱ አሠራር ሠርቶ አቀረበላት። ቨርና ወንድ ኩሽናዋን ሲያምስ ዝም ብላ ስትመለከት ኦርቪል በትዳር ዘመኑ ያየው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ልጁ እሷን «ሚስ ቨርና»፣ እሱን «ሚስተር ዲትዝ» እያለ አንቱ ይላቸው ነበር፤ በዚህም ልማዱ እስከ መጨረሻው ጸንቷል።

ኮዲል አንድ ጉድለት ነበረበት፤ መምታት አይችልም። ዱላውን በሙሉ ኃይሉ ሲወዘውዝ ነፋስ ብቻ ነው የሚያገኘው። የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ዱላውን አግድም ይዞ ኳሷን ነካ በማድረግ፣ በግራ በኩል ባለው የኖራ መስመር ዳር መሬት ላይ ያስተኛታል። ኳሷ በመስመሩ ዳር ዳር ቀስ ብላ ስትንከባለል፣ ተከላካዩ ሮጦ እስኪያነሣት እሱ ሯጭ ሊደርስበት የሚገባው የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ደርሶ ሱሪውን ያራግፋል። ችግሩ ኳሷ ብዙ ጊዜ በጣት ስፋት ከመስመሩ ውጭ ትወጣለች፤ ከወጣች ደግሞ እንዳልተመታች ናት፣ ሩጫውም ከንቱ ነው።

ሆብ ማክኒል ነገሩን አይቶ መድኃኒቱን አዘዘ፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት ቀድሞ እየመጣ ሙሉ ምት መምታት እንዲማር። ኮዲል ለጥቂት ሳምንታት ሄደ። እጁ ውኃ ቋጠረ። ማታ ማታ ቨርና ቅባት እየቀባችለት፣ እሱም ምናልባት ወደ ከሰሉ መመለስ እንደሚሻለው ሲናገር ኦርቪል ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ ይሰማ ነበር።

አንድ ሰኞ፣ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ በአውቶቡስ ሲወጣ፣ ኦርቪል ሲባጎና ካስማ፣ ውሃ ልክና ከድሮ ፋብሪካው ያመጣውን ጥሩ ሸክላ አፈር ይዞ ወደ ግራው መስመር ሄደ። ማንም አላዘዘውም። የኖራውን መስመር ውጫዊ ጎን በአውራ ጣት ቁመት ያህል ከፍ አደረገው፤ አፈሩን ወደ ሜዳው ውስጥ አዘነበለው፤ በውሃ አርሶ ደመደመው። ቁልቁል ቢያዩት ምንም አይታይም። ኳስ ግን ዓይን የላትም፤ ቁልቁለቱን ተከትላ ወደ ውስጥ ትመለሳለች።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሆነውን ብሌክፎርድ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ኮዲል ያስተኛት ኳስ ሁሉ ወደ መስመሩ ትሄድና ልትወጣ ስትል ሐሳቧን የቀየረች ይመስል ትመለስ ነበር። ኮዲል ዱላውን ገና ሲያነሣ ተመልካቹ «አስተኛት!» እያለ መዘመር ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ልጁን በነፃ አስተካከለው፤ ቄሱ ስብከታቸውን ለጨዋታው ሲሉ አሳጠሩ፤ ይህም በብዙዎች ዘንድ ከዋንጫው የሚበልጥ ስጦታ ሆኖ ተቆጠረ። በሌላ ከተማ ሜዳ ላይ ኮዲል እንደ ቀድሞው ነበር፤ ከተማው ግን ለዚህ ምክንያት ለማግኘት አልተቸገረም። አውቶቡስ አይስማማውም ተባለ።

ጠዋት ጠዋት ልምምዱንም ተወው። ሆብ አንድ ሁለት ጊዜ አስጠራው፤ ከዚያ ቡድኑ እያሸነፈ ስለነበር እሱም ተወው። ኦርቪል ይህን አየ። ልጁ ተኝቶ ሲያረፍድ፣ ቨርና ቁርሱን ሁለተኛ ስታሞቅለት፣ ደስ ብሎት አየ።

ነሐሴ ላይ ከትልቁ ሊግ የመጣ ተጫዋች መልማይ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ከኦርቪል አጠገብ ባለው አጥር ላይ ተደግፎ ሦስት ጨዋታ ተመለከተ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሁልጊዜ እንዲህ የሚያስተኛት እንደሆነ ጠየቀው።

«እዚህ ከመስመር ስትወጣበት አላየሁም» አለው ኦርቪል።

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ኦርቪል በቀሩት ዓመታት ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ መርምሮታል፤ አንድም ሐሰተኛ ቃል አላገኘበትም፤ ይህም ምንም አልረዳውም።

ጀልበኞቹ ዋንጫውን አነሡ፤ ኮዲልም በመስከረም ወደ ትልቁ ሊግ ተጠራ። ጣቢያው ድረስ የሸኘው ሕዝብ ባቡሩ ላይ አበባ ወረወረ። እዚያ ሦስት ሳምንት አልቆየም። በዚያ ትልቅ ሜዳ፣ እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለ አፈር ላይ ኳሶቹ ሁሉ መስመሩን ተሻግረው ወጡ። ሙሉ ምት ምታ ሲሉት ነፋስ መታ። አንድ ጋዜጠኛ ከኬንተኪ የመጣው ልጅ ጉልበቱ በሕዝቡ ፊት ተንቀጠቀጠ ብሎ ጻፈ፤ ኮዲልም ለገዛ ራሱ የፈለገውን ማብራሪያ እዚያ አገኘ።

ሻንጣውን ሊወስድ ሲመለስ ኩሽና ውስጥ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«ፈራሁ፣ ሚስተር ዲትዝ» አለ። «እጄ እዚህ የነበረው እጅ ነው፤ ኳሷም ያቺው ናት። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ፈሪ ነኝ።»

ኦርቪል ስለ አየሩ ሁኔታ አንድ ነገር ተናገረ። ልጁ ከሄደ በኋላ ቨርና ጀርባዋን ሰጥታው ሳህኖቹን አጠበች። እሷ የጡብ ሠሪ ልጅ ናት፤ የባሏ ጫማ ላይ የሚጣበቀውን ሸክላ ከበጋው መጀመሪያ ጀምራ አይታው ነበር።

«ሜዳውን ሠራህለት» አለችው በመጨረሻ። «ጠቅልሎ የሚወስደው መስሎህ ነው?»

በዚያ ክረምት፣ በረዶው ሳይወርድ፣ ኦርቪል መስመሩን ቆፍሮ አስተካከለው። በ1958 ጀልበኞቹ ሰባተኛ ወጡ፤ ከተማውም ልጁን ስላጡ ነው አለ።

ኮዲል በሁለት ሌሎች ከተሞች ተጫውቶ ተሰናበተ። ወደ ሸለቆው ተመልሶ የከሰል መኪና ነዳ፤ ኦፓል የምትባል ሴት አገባ፤ በኋላም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ጨዋታ ሰሞን ስልክ ይደውላል። ዘንድሮ ምን ዓይነት ቡድን እንዳላቸው፣ ሣሩ ከክረምቱ እንዴት እንደወጣ ይጠይቃል። ኦርቪልም በየዓመቱ ስልኩን የሚያነሣው ዘንድሮ እነግረዋለሁ ብሎ ነው። ወርዋሪው ክንዱን በተሰበረበት ዘመን ስለ ወርዋሪው ክንድ አወሩ። ቡድኑ ሊሸጥ ሲል ስለ ሽያጩ አወሩ። አውሎ ነፋስ የመብራት ምሰሶዎቹን በጣለበት ዘመን፣ የጀልበኞቹ ተጫዋቾች መደሰታቸውን አንሥተው ሳቁ፤ በጨለማ ውስጥ ሲሸነፉ የሚያያቸው የለምና። ሊነግረው ያሰበውን ነገር ግን ስልኩ ሲዘጋ ብቻ ነበር የሚያስታውሰው የሚመስለው። አልረሳውም ነበር። ዕውነቱን ቢነግረው ልጁን ከፈሪነት ያወጣዋል፤ በዚያው እጁ ደግሞ ያቺን ብቸኛ በጋውን ይወስድበታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ኦርቪል መመዘን አልቻለም፤ ስለዚህ የማይመዝን ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ ዝም አለ።

በ1978 ቡድኑ ሰባ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር የ1957ቱ ባለ ዋንጫዎች ተጠሩ። ሆብ ማክኒል በሕይወት አልነበረም። ኮዲል ግን አርብ ማታ መጣ፤ ጸጉሩ ሳስቷል፣ ወገቡ ሰፍቷል፣ ደረጃውን ወደ ሰገነቷ ክፍል ሲወጣ ግን እግሮቹ አሁንም ድምፅ አያሰሙም ነበር።

ቅዳሜ በቁርስ ሰዓት የሚያደርገውን ንግግር አሰማቸው። ስለ ፍርሃቱ ነበር፤ እንዴት በትልቁ ሜዳ ጉልበቱ እንደተንቀጠቀጠ፣ እንዴት ዱላውን ለሚዛን መጠበቂያ እንደተደገፈው። በቤተ ክርስቲያን ራት ግብዣ ላይ እየደጋገመ አሳምሮታል፤ የት ላይ ቆም እንደሚል፣ የት ላይ ሳቅ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ልጆቹ ቤት ውስጥ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም፣ አልጋ ሥር ቦታ ለአባባ ያዙለት እያሉ እንደሚያሾፉበት ጨመረበት። ራሱ ሳቀ። ቨርና አልሳቀችም፤ ባሏን አየችው።

«ና፣ ሜዳውን ላሳይህ» አለ ኦርቪል ከወንበሩ እየተነሣ።

ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም። በግራው መስመር ዳር ቆሙ፤ ኦርቪል ሥራውን የሚያስረክብ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ ሸክላው ከየት እንደመጣ፣ በምን ቁመት እንደተነሣ፣ እንዴት እንደተደመደመ፣ መቼ እንደፈረሰም ነገረው። ኮዲል መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በዓይኑ ተከትሎ እስከ አጥሩ ድረስ አየ፤ አሁን ምንም የሚታይ ነገር ባይኖርም።

«ሆብ ነው ያዘዘዎት?» አለ።

«ማንም አላዘዘኝም።»

ይህ መልስ ከሁሉም የባሰ መሆኑን ኦርቪል ከአፉ ሳይወጣ በፊት ያውቅ ነበር። አሰልጣኙ ቢያዘው ኖሮ ነገሩ የሙያው ወግ ነው፤ ማንም ለማንም ይቅርታ አይጠይቅበትም።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ለልጆቼ ፈሪ ነኝ እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው» አለ ኮዲል።

«አውቃለሁ።»

«በየዓመቱ ስደውል…»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ኮዲል ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ፤ ወንዙ ላይ የምታልፈውን የጭነት ጀልባ በዓይኑ ሸኘ።

«እሺ፣ ፈሪ አልነበርኩም እንበል» አለ ቀስ ብሎ። «ያቺን በጋስ አሁን ምን ላድርጋት፣ ሚስተር ዲትዝ? እሷ የማን ናት?»



ከሰዓት በኋላ መቀመጫው ሞላ። ኮዲል ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆም ሕዝቡ ገና ከመናገሩ መሳቅ ጀመረ፤ የፍርሃቱን ታሪክ ግማሹ በወሬ ያውቀዋልና። ኮዲል ያሳመረውን ንግግር ሊናገር አልቻለም፣ ሌላም አላዘጋጀም። ሚስ ቨርናን ስለ ቁርሷ አመሰገነ፤ የጓደኞቹን ስም ጠራ፤ ወረደ። የቡድኑን ሊቀመንበር ሚስት አሳዘናት፤ ልቡ ሞልቶበት ነው አለች።

ቀጥሎ የድሮዎቹ ተጫዋቾች ለወግ ያህል ጥቂት ዙር ሊጫወቱ ወጡ። የኮዲል ተራ ሲደርስ ሃያ አንድ ዓመት የጠበቀው ጩኸት ከእንጨቱ መቀመጫ ተነሣ። «አስተኛት!» እያሉ እግራቸውን ወለሉ ላይ ይደበድቡ ነበር። ወርዋሪው የድሮ ጓደኛው ነው፤ ለማስተኛት የምትመች ለስላሳ ኳስ ወረወረለት።

ኮዲል ዱላውን ትከሻው ላይ አነሣና በሙሉ አካሉ ወዘወዘው። ነፋስ መታ። ሕዝቡ ሳቀ። ሁለተኛውን ከፊተኛው አጥብቆ ሰነዘረ፤ ኮፍያው ወደቀ፣ እሱም ሊወድቅ ተንገዳገደ፤ ሳቁ ጨመረ። ቀልድ ነው ብለዋል፤ በጣም የተዋጣለት ቀልድ። ከአጥሩ ዳር የቆመ አንድ ሰውዬ ኦርቪልን በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ ይሄ ጉደኛ እስከ ዛሬ አልተለወጠም አለው። ሦስተኛውንም ሳተ፤ ተራው አለቀ። ኮፍያውን አንሥቶ አቧራውን አራገፈ፤ ለሕዝቡ እጁን አውለበለበ፤ ሲወጣ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

በሩ ላይ ኦርቪል ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ያኔ ሆብ ጠዋት ሲያስጠራኝ መሄድ ነበረብኝ።»

«እንዳትሄድ ያደረግኩህ እኔ ነኝ።»

«ወደ ልምምዱ የሚወስደኝ እግር ነበረኝኮ፣ ሚስተር ዲትዝ» አለ ኮዲል። «ያን እንኳ ለራሴ ይተዉልኝ።»

ለራት አልቆየም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሰኞ ተማሪዎች ይጠብቁታል። ቨርና የኮክ ኬክ በፎጣ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ አስቀመጠችለት፤ እሱም ጉንጯን ሳማት፤ ለኦርቪል እጁን ዘረጋለት፣ የተለመደውን ያህል ጊዜ ጨብጦ ለቀቀው። በሚቀጥለው ፀደይ ይደውል እንደሆነ አልተናገረም፤ ኦርቪልም ለመጠየቅ አልደፈረም።

ሕዝቡ ሲወጣ ኦርቪል መቧጠጫውን ይዞ ወደ መምቻው ሄደ፤ እሑድ እውነተኛ ጨዋታ ነበርና ሜዳው መዘጋጀት አለበት። እዚያ የኮዲል የኋላ እግር ተሽከርክሮ የቆፈረው ጉድጓድ ነበር፤ ጥልቅና ጠማማ፣ ዱላውን ከልቡ የሚወዘውዝ ሰው ብቻ የሚቆፍረው ዓይነት። በ1957 ከየጨዋታው በኋላ ሲያስተካክል፣ ይህ ልጅ የቆመበትን አፈር አንድም ቀን መድፈን አስፈልጎት እንደማያውቅ አሁን ትዝ አለው፤ የሚያስተኛ ሰው ዱካ አይተውም። ያኔ ልጁን ቀላል እግር ስላለው አመስግኖት ነበር።

ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን በጣቱ ለካው። ከዚያ ሸክላ አመጣ፤ ውሃ ነሰነሰበት፤ ደመደመው፤ ውሃ ልኩንም አስቀመጠበት። እሑድ ጀልበኞቹ ተሸነፉ። ዘመኑን አምስተኛ ሆነው ጨረሱ።